በሦስት ቋንቋ የጠፋው ዘንግ

መንደራችን ስም የላትም፤ ያላት ቁጥር ነው። ደርግ ከወሎ አምጥቶ አሶሳ አጠገብ ሲያሰፍረን ቸኩሎ ስለነበር ስም ማውጣቱ አልታሰበውም፤ ቆጠረንና ሄደ። ስም ባይኖረንም ግን መኪና አለን። የኔ እንዳትመስላችሁ፤ የቅሬው ናት። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሰው ሲታመም ይሸከማል፣ የሚሞትም የሚታመምም ሲጠፋ ደግሞ ይሰበሰባል። እንደ እውነቱ ከሆነ አብዛኛው ሥራው ይኸኛው ነው።

የቅሬው ጠሪ እኔ ነኝ። ከትልቁ ማንጎ ላይ አንድ ብረት ተሰቅሏል፤ በድንጋይ ስመታው ከወንዙ ማዶ ሳይቀር ይሰማል። ፈጠን ፈጠን አድርጌ ከመታሁት ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ቀስ እያልኩ ከመታሁት ስብሰባ ነው። ለመጀመሪያው ሰዉ እየሮጠ ይመጣል። ለሁለተኛው ምሳውን በልቶ፣ ትንሽ ጋደም ብሎ፣ "ተጀመረ እንዴ?" እያለ ይመጣል።

ሰብሳቢያችን በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው። ክፋት የለበትም። ብቻ ያለ አጀንዳ ውሃ አይጠጣም። "ጓዶች" ማለት ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ እሱን ግን ሲናደድ ዛሬም ያመልጠዋል።

መኪናዋን የገዛናት ከጨረታ ነው። ሸርቆሌ በኩል፣ ከስደተኞቹ ጣቢያ አጠገብ የሚሠራ አንድ የርዳታ ድርጅት እስኪበቃው ነዳት፤ አዲስ ሲመጣለት ለኛ ሸጣት። ባሕር ተሻግራ የመጣች፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ ጭቃ የማይበግራት ናት ተባልን። ስትመጣ ነጭ ነበረች። ከዚያ አንዱ በሯ ተገንጥሎ ሰማያዊ ተገዛላት። ኮፈኗ በላዩ ላይ ተበሳስቶ ሲያልቅ ከሌላ መኪና አረንጓዴ መጣላት። አንደኛው የኋላ መብራቷ የሚኒባስ ነው፤ የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ ክዳን ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ የዘይት ጀሪካን ክዳን ነው። እንደመጣ ያለ ነገር ቢኖራት ጥሩምባዋ ነው፤ እሱም ስለማይሠራ ማንም ነክቶት አያውቅም። እኛ ግን እስከዛሬ "ነጯ" ነው የምንላት። ሰው የከፈለበትን ነገር የሚጠራው ባየው ሳይሆን በከፈለበት ቀን መልኩ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ለመኪናዋ ብዬ አይደለም። ለባለቤቴ ዓይን ብዬ ነው።

ባለቤቴን የዓይን ሞራ ከጋረዳት ቆይቷል። የጀመራት በግራው ነው፤ ከዚያ ቀኙም ተከተለ። መኪናዋ መንደራችን ስትገባ እሷ ከጨለማ ብርሃንን ብቻ ነበር የምትለየው፤ "ምን ትመስላለች?" ብትለኝ "ነጭ ናት፣ የሙሽራ ልብስ" አልኳት። እኔን ከበሩ ምሰሶ አትለየኝም ነበር። "ልዩነታችሁ" ትላለች፣ "ምሰሶው አያንኮራፋም።"

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የጤና ሠራተኛዋ ቤታችን መጣችና ሞራ የሚገፉ ሐኪሞች ለጥቂት ቀን አሶሳ ሆስፒታል ሊመጡ ነው አለችን። በነፃ ነው፤ ሥራውም ለአንድ ዓይን ቁርስ የመብላት ያህል ጊዜ አይፈጅም። ካመለጠን ግን ለከርሞ ነው፤ እሱም እነሱ ከመጡ። ባለቤቴ ሰምታ ጨረሰችና "ለከርሞ ማን አለ፣ ማን የለም?" አለች።

ችግሩ መንገዱ ነው። በበጋ ባጃጅ እንኳ በራችን ድረስ ይመጣል። ዝናብ ሲገባ ግን ከመንደራችን በታች ያለው ወንዝ፣ ከወንዙ በላይ ያለው ቀይ ዳገት፣ ሁለቱ ተማክረው ይዘጉናል። በሞተር ሳይክል እንዳልወስዳት አሮጊት ናት፣ ዓይኗ አያይ፣ ወገቧም አይችልም። ቅሬው በቃሬዛ እንሸከማታለን አለ። እሷ ግን "ቃሬዛ ላይ አንዴ ነው የምወጣው፤ ያን ጊዜም ፈቃዴን አትጠይቁኝም" ብላ ዘጋችው። ቀደም ብለን አሶሳ ሄደን እንጠብቅ እንዳንል፣ የሐኪሞቹ ቀን አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል፤ እዚያ የሚያሳድረን ዘመድም የለንም። የቀረችው መኪናዋ ናት።

ሹፌሩ ሊሞክራት ዳገቱ ላይ አወጣት። የኋላ ጎማዎቿ ጭቃውን እየጫሩ ወደ ሰማይ ይረጫሉ፤ የፊቶቹ ግን እንደ እንግዳ ተቀምጠው ያያሉ። ወርዶ ከሥሯ ገባ። ሲወጣ ፊቱ ጭቃ ብቻ ሆኖ፣

"አባባ፣ የፊቷ ዘንግ የለም" አለኝ።

"ምኑ?"

"ከሞተር በኩል ጉልበቱን ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው ብረት። ረዘም ያለ፣ ክብ። ተፈትቶ ተወስዷል።"

"ማን ወሰደው?"

ማን እንደፈታው ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገም። ከሱ በፊት የነበረው ሹፌር ነው። ያ ሰውዬ መኪናዋ ነዳጅ በላች የተባለ ጊዜ "የፊቱን ዘንግ ከፈታሁላት እንደ በሬ መብላቷን ትታ እንደ ፍየል ነው የምትበላው" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰምቼም አጨብጭቤያለሁ፤ ሁላችንም አጨብጭበናል። በጋ ነበር፤ በበጋ የፊት ጎማው ባይጎትትም ይኬዳል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ክረምት ክረምቱን ቆማ ነው የከረመችው። የፈታውን የት እንዳኖረው ግን ማንም አልጠየቀው። አሁን እሱ ወርቅ ቁፋሮ ወደ ኩርሙክ በኩል ሄዶ ስልኩም አይሠራም። ወርቅ ቢያገኝ ይሠራ ነበር።

ብረቱን መታሁ፣ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢያችን የፊት ዘንግ መጥፋት የሚል አጀንዳ አስያዘና ሲያወያየን ዋለ። አንዱ ሰውዬውን እንክሰስ አለ፤ ሌላው መኪናዋን እንሽጥ አለ፤ ሦስተኛው፣ ከእንቅልፉ የነቃው፣ መኪናዋን እንግዛ ወይስ አንግዛ በሚለው ላይ አስተያየት ሰጠ። በመጨረሻ ዘንጉን ፈልጌ እንዳመጣ እኔ ተወከልኩ። ለምን እኔ? "ጉዳዩ የሚነካው እሱን ስለሆነ" ተባለ። ቅሬ ማለት እንዲህ ነው፤ ሸክሙን ተካፍሎ ለባለቤቱ ይሰጠዋል።

በሞተር ሳይክል ጀርባ ተለጥፌ አሶሳ ገባሁ። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ጸጉሩን በቅባት ያለሰለሰ ጎልማሳ ተቀምጧል።

"አባባ፣ ናሙና ይዘዋል?"

"የምን ናሙና?"

"የተበላሸውን። አምሳያውን የምንፈልገው እሱን አይተን ነው።"

"የተበላሸ የለም፣ ልጄ። የጠፋ ነው።"

"እንግዲያው የጠፋውን ይዘው ይምጡ።"

"የጠፋውን ካገኘሁት አንተ ዘንድ ምን አመጣኝ?"

አሰበበት። "እሱስ እውነትዎን ነው" አለ። "ግን ያለ ናሙና አንሸጥም። ቢኖርም ማለቴ ነው። ደግሞም የለም።"

ከገበያው ጀርባ ያገለገለ ዕቃ የሚነግድ አንድ የአገሬው ተወላጅ፣ የበርታ ሽማግሌ አለ ተብዬ እሱ ጋ ሄድኩ። የዕድሜ እኩያዬ ነው። ግቢው ውስጥ የመኪና አጥንት እንደ ከብት አጥንት ተከምሯል። አስቀምጦ ሻይ አጠጣኝ፤ ዕቃ የሌለው ነጋዴ ሻዩ ጣፋጭ ነው። ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኩት።

"ያ ሼኽ፣ ማፊ" አለኝ። "የለም። ወላሂ፣ አለ ብል ውሸት ነው። መኪና ያንተ እሱ ሽማግሌ ሆነ። ጓደኛው ሁሉ ሞተ። ዕቃ ከየት ይመጣል?" ሻይ ደገመልኝና "ያ ድርጅት ሲሸጥ ዘንግ ነበረ?" አለኝ።

"ነበረ።"

"እሺ። ዘንግ እሱ እግር የለውም። ከመንደር ወጥቶ የት ይሄዳል? ቤት ፈልግ።"

ሽማግሌ በምሳሌ ሲናገር ደስ ይለኛል። አመስግኜ፣ ምሳሌውን አድንቄ ወጣሁ።

በሌላ ቀን ባምባሲ ሄድኩ። ጋራዡ ውስጥ ያለው መካኒክ ከወለጋ የመጣ፣ እጁ እንደ አካፋ የሰፋ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ነገሬን ሳልጨርስ "ኦቦ፣ ሂን ጂሩ" አለኝና ሳቀ። ፊቴን አይቶ "የለም ማለቴ ነው" ብሎ በአማርኛ ደገመልኝ። አያስፈልግም ነበር። "የለም" በየትኛውም ቋንቋ ይገባኛል፤ በሦስቱም አውቄዋለሁ።

እሱ ግን ባዶ እጄን አልሸኘኝም። "እንሠራልሃለን" አለና ወፍራም የውሃ ቧንቧ ቆርጦ፣ ዳርና ዳሩን በይዶ፣ ቀለም እንኳ ቀባልኝ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ስገባ መንደሩ እልል አለ። ሹፌሩ ገጠመው፣ ሰብሳቢያችን ንግግር አደረገ፣ መኪናዋ ዳገቱን ጀመረች። እኩሌታው ላይ ስትደርስ ከሥሯ የሆነ ነገር አቃሰተ፤ ቧንቧው እንደተጨመቀ ልብስ ተጠምዝዞ ወደቀ። ውሃ ለማስተላለፍ የተሠራ ነገር ጉልበት አላስተላልፍም አለ። በሬ አስረን ነው ወደ ኋላ የጎተትናት።

ያን ቀን ባለቤቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን ወደ ዳገቱ አዘንብላ ነበር። ስመጣ በእርምጃዬ አወቀችኝ።

"ሽቅብ ስትሄድ ሰማሁ" አለች። "ስትመለስ የሰማሁት ግን በሬ ነው።"

"አብሽሪ፣ ይገኛል።"

"እኔ አብሽሬ ነው ያለሁት። የምትፈልጉት ዕቃ ነው አላበሽር ያለው።"

ከዚያ መንደሩ ዱዓ ይደረግ አለ። እኛ ወሎዬዎች መላ ሲጠፋ ተሰብስበን እንለምናለን፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው የሚቀመጠው። ብረቱን መታሁ፣ ሰው ማንጎው ሥር ተሰበሰበ። የዕድሜ ታላቃችን እጃቸውን ዘርግተው "ያረቢ፣ የጠፋውን ዘንግ ካለበት አምጣልን፤ ለዓይናችን አሳየን" ሲሉ ሁላችንም ወደ ላይ ቀና ብለን "አሜን!" አልን። ይህን "ወደ ላይ ቀና ብለን" ያልኩትን ያዙልኝ።

ከሳምንት በኋላ ይሁን ከዚያ በታች፣ ያ ጸጉሩን ያለሰለሰው ባለሱቅ ስልክ ደወለ። አዲስ አበባ ያለ ወዳጁ የአሮጌ መኪና ዕቃ ከሚበለትበት ሰፈር አንድ ዘንግ አግኝቷል፤ መጥተው ፎቶውን ይዩ አለኝ። ዝናቡን ጠጥቼ ሄድኩ።

"ኦሪጅናል ነው" አለኝ፣ ገና ስልኩን ሳያወጣ። "አባባ፣ እኔ እርስዎን እንደ አባቴ ነው የማይዎት። እንዲህ ያለ ዘንግ አገር ውስጥ የቀረው አንድ ብቻ ነው።" ዋጋውን ነገረኝ። አባቱን በዚያ ዋጋ የሚያየው ከሆነ አባትየው ያሳዝነኛል።

ስልኩን ሰጠኝ። አራቅሁት፣ አቀረብሁት። ክብ ብረት፣ ከክንድ የሚረዝም። በአንዱ ጫፍ እንደ ቀንድ ሹካ የሆነ ነገር አለው፤ በሹካው መሀል መስቀል የመሰለ ብረት። በሌላው ጫፍ አራት ቀዳዳ ያለው ክብ ጆሮ።

ገመዱ የሚገባው በዚያ ሹካ ውስጥ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም። ገመዱ ባረጀ ቁጥር አዲስ የማስገባው እኔው ነኝ። አራት ቀዳዳ ያለው ጫፍ ወደ ታች ይሆናል፤ ድንጋዩ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ድምፁም ከዚያ ሲመቱት ነው የሚያምረው።

"አባባ፣ ደህና ነዎት? ይቀመጡ እንጂ።"

"ደህና ነኝ ልጄ።"

"በሉ ይወስኑ። ነገርኩዎት፣ አንድ ብቻ ነው የቀረው።"

ሁለት ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። "ከሽማግሌዎች ልማከር" ብዬ ወጣሁ። ውጭ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ስስቅ አንዲት ሴት በሰፊው ዞራኝ ሄደች።

እንዴት እንደተሰቀለ መንገድ ላይ ትዝ አለኝ። ድሮ ቅሬው የሚጠራው በቀንድ ጥሩምባ ነበር። እሱ ሲሰነጠቅ ሰብሳቢያችን ደወል የሚያፈላልግ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴውም ከማንጎው ሥር የተጋደመ ብረት አግኝቶ፣ የወፍጮ ስብርባሪ ነው ብሎ ሰቀለው። ዱዓ ተደረገበት፣ ጸደቀ። ጊዜው ያ ሹፌር ለወርቅ የሄደ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ስለጠፋው ዘንግ የተወያየነው ሁሉ የጠፋውን ዘንግ በድንጋይ እየመታን ተጠራርተን ነው። የበርታው ሽማግሌ ምሳሌ ሲናገር አልነበረም ለካ። ቤት ፈልግ ብሎኝ ነበር።

መንደር ስገባ ጤና ሠራተኛዋ ጠብቃኛለች። ሐኪሞቹ አሶሳ ገብተዋል፤ ከነገ ወዲያ ይጨርሳሉ።

ድንጋዩን አነሳሁ። በዝግታ መታሁት፤ ሌላ መጥሪያ የለንማ። ሰው ቀስ ብሎ ተሰበሰበ። ባለቤቴንም እጇን ይዤ አምጥቼ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት።

"አጀንዳው?" አለ ሰብሳቢያችን።

"ዘንጉ ተገኝቷል።"

ጭብጨባ ሆነ። "የት ነው ያለው?"

"ከራስህ በላይ።"

ሁሉም ቀና አለ፤ እንደዚያ የዱዓው ቀን። ሹፌሩ ተንጠልጥሎ በእጅጌው ጠረገው፣ አገላብጦ አየው፣ "ራሷ ናት!" ብሎ ዘለለ። ያን ጊዜ የሳቅነውን ሳቅ ከወሎ ከመጣን የሳቅን አይመስለኝም። የዱዓው አባት እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ "አሳየን ብለን ነበር እኮ፤ ማየቱ ነው የቀረን" አሉ።

ያልሳቀው ሰብሳቢያችን ነው።

"ቆዩ" አለ። "ይህ ደወል ነው።"

"ዘንግ ነው" አለ ሹፌሩ።

"ዘንግ ነበረ። አሁን በጉባኤ የጸደቀ የቅሬው ደወል ነው። ስንት ሰው በዚህ ተጠርቶ ተቀብሯል። ማንም እየተነሳ ፈትቶ የሚወስደው ንብረት አይደለም፣ ጓዶች።"

ጓዶች ሲል እንደማይበርድ አወቅን። ከኋላ አንዷ አሮጊት ደግሞ "እኔስ የሙታን መጥሪያ የገባባት መኪና ላይ አልሳፈርም" አለች። ይህች ሴት መኪና የሚያስታውካትና ተሳፍራ የማታውቅ ናት፤ ሆኖም ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀላት። አንዱ አወልቀን ቢሰበርስ አለ። ሌላው ደወል ሳይኖረን ሰው ቢሞት ማን ይጠራናል አለ። ለዘንጉ ሲያለቅስ የከረመ መንደር አሁን ለደወሉ ዘብ ቆመ። ሰብሳቢያችን ጉዳዩን አጥንቶ ከክረምት በኋላ የሚያቀርብ ኮሚቴ ይቋቋም ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ እጅ መውጣት ጀመረ።

ባለቤቴም እጇን አወጣች። "እድል ይሰጠኝ።"

"ተራሽን ጠብቂ።"

"ተራዬ ከነገ ወዲያ ያልፋል። አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ስሞት ይህ ብረት ይደወልልኛል?"

"እንዴታ! የቅሬው መሥራች አባል አይደለሽ እንዴ?"

"ደህና ተደርጎ ይደወልልኛል?"

"እስኪበቃሽ!"

"እንግዲያው ድርሻዬን አሁን ስጡኝ። ስሞት አትደውሉልኝ፤ እኔ እንደሆነ አልሰማው። ለሬሳዬ የምትጮኹበትን ብረት ለዓይኔ አትከልክሉኝ።"

የተዘረጋው እጅ ሁሉ አንድ በአንድ ወረደ። ሰብሳቢያችን ጉሮሮውን ጠራረገ፤ "ነጥቡ ጥሩ ነው" አለ። ሽንፈቱን ግን በባዶ እጁ አልተቀበለም። ደወሉ ይውረድ፣ ነገር ግን ምትክ ሳይሰቀል አይወርድም ሲል ወሰነ። ምትኩም የመኪናዋ ትርፍ ጎማ ቸርኬ እንዲሆን፤ ብረት ነው፣ ይጮኻል፣ የቅሬው ነው።

"መንገድ ላይ ጎማ ብታፈነዳስ?" አለ ሹፌሩ።

"እሱ በሌላ አጀንዳ ይታያል።"

ትርፉን ጎማ ከቸርኬው ለያዩት፤ ቸርኬው ማንጎው ላይ ወጣ፣ ዘንጉ ወረደ። ቡሎኑን ከወፍጮ ቤት ለምነን፣ ሹፌሩ በማግሥቱ ጠዋት ገጠመው። ባለቤቴን ከፊት አስቀመጥናት፤ እኔ ከኋላ። ዳገቱ ላይ የፊት ጎማዎቹ ጭቃውን ነከሱት። መኪናዋ ወጣች። እኔ ዝም አልኩ፤ ሹፌሩም ዝም አለ። በንግግር እንዳትሸማቀቅ ፈርተን ነው።

ዘንጉ ግን ስንት ዘመን በድንጋይ ተደብድቦ ቀጥ ብሎ አልቀረም። ጎበጥ ያለ ቦታ አለው፤ ሲዞር ከሥራችን ያንኳኳል፣ ያውም በሚታወቀው ድምፁ፣ ያውም ፈጠን ፈጠን አድርጎ። ማዶ ያለው መንደር ድምፁን ያውቀዋል። ሰዎች ነጠላቸውን እያጣፉ ወደ መንገዱ ወጡ።

"ማን ሞተ?" ይላሉ።

ባለቤቴ በመስኮት አንገቷን አውጥታ "እኔ አይደለሁም! ግቡ፣ ዝናብ ይመታችኋል!" ትላለች። አሶሳ እስክንደርስ እንዲህ ነው የሄድነው፤ የራሷን መርዶ እያስተባበለች።

መኪናዋ ውስጥ አድረን፣ በመጨረሻው ቀን፣ ከመጨረሻዎቹ ሰዎች ጋር አንዱ ዓይኗ ተሠራላት። በበነጋው ሽፋኑን ያነሱላት ጊዜ እኔ ውጭ መኪናዋን ተደግፌ ነበር። ነርሷ ደግፋ አመጣቻት። በረንዳው ላይ ቆመች፤ ዓይኗን አጥብባ አየችን። ምን እንደምትለኝ እየጠበቅሁ ከተደገፍኩበት ቀና አልኩ።

"ይህቺ ናት ነጯ?"

"እ… ነጭ ነበረች።"

"የሙሽራ ልብስ ነው ያልከኝ።" ቀስ ብላ ዞረቻት፤ ሰማያዊውን በር ነካች፣ አረንጓዴውን ኮፈን አየች፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን ክዳን ገልጣ አሸተተች። "ይህን የለበሰች ሙሽራ ከሆነች ባልየው ምስኪን ነው።" ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። የጋቢዬን ጫፍ አቃናችልኝ። እንደ መኪናዋ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ ዳገቱን በሰላም ወረድን። ወንዙን ተሻገርን። የመንደራችን ማንጎ እየታየ፣ የኋላ ጎማዋ ጧ! ብሎ ፈነዳ።

ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፋ። ትርፍ ጎማ የለንም፤ ቸርኬው ማንጎው ላይ ነው። ለሰብሳቢው ደወለና ነገሩን አስረዳው። ድምፁ ለኛም ይሰማል፤ ስልክ ላይም እንደ ስብሰባ ነው የሚናገረው።

"ችግራችሁ ገብቶኛል" አለ። "ነገር ግን ቸርኬው አሁን ደወል ነው። ያለ ጉባኤ አይወርድም። አብሽሩ፣ አሁኑኑ ጉባኤ እጠራለሁ።"

ወዲያው ቸርኬው ሲመታ ተሰማን። አመታቱ አያምርም፤ ልምድ የሌለው ሰው ነው የመታው።

"እዚህ ልንቀመጥ ነው?" አለች ባለቤቴ። "ዓይኔ እንጂ እግሬ አልታመመም።" ወረደች። ሐኪሙ አትጎንበሺ ብሏታል እንጂ አትሂጂ አላላትም። ከፊቴ ሆና ጭቃውን እየመረጠች ትሄዳለች። ያን መንገድ በሙሉ ስንት ጊዜ እጇን ይዤ መርቻታለሁ፤ አሁን እሷ ዞር ብላ "እዚህ ጋ ያዳልጣል፤ እጅህን አምጣ" አለችኝ። ሰጠኋት።

ማንጎው ሥር ስንደርስ ስብሰባው ደርቷል። ሰብሳቢያችን ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል፤ "በወንዙ ዳር ጭቃ ውስጥ የቀሩት አረጋውያን እንዴት ይነሱ በሚለው ላይ ሦስት ሐሳብ ቀርቧል" ይላል። አንዱ ቃሬዛ ይሂድ ብሏል፤ አንዱ በሬ ይሂድ ብሏል፤ ሦስተኛው እንደተለመደው ገና ከእንቅልፉ መንቃቱ ነው። ፊታቸውን ወደኛ ያደረጉት አይተውን መሳቅ ጀምረዋል።

ባለቤቴ የድሮ ድንጋይዋን በዓይኗ ፈልጋ አገኘችው። ጭቃውን በእግሯ ጠረግ አድርጋ ተቀመጠች፣ እጇንም አወጣች።

"እድል ይሰጠኝ።"

"ተራሽን ጠብቂ" አለ ሰብሳቢያችን፣ ዞር ሳይል።